ፀሐይ በማይደርስበት የሚበቅለው ካንሰር

ገንዳ ውሃ፦ በምዕራብ ጎንደር ዞን ቆላማ ወረዳዎች ስለ ጤና ሲነሣ ቀድመው የሚጠሩት ወባና ካላዛር ናቸው። የሰሊጡና የማሽላው ሥራ ደርሶ፣ ሳሉግ እየተባሉ የሚጠሩት የወቅት ሠራተኞች ወደ መተማና ቋራ ሲወርዱ፣ የሁሉም ስጋት በእነዚሁ በሽታዎች ላይ ያርፋል። ካንሰር ግን በብዙዎች ዘንድ የሩቅ ከተማ ሕመም ተደርጎ ይታሰባል። ከካንሰሮች መካከል ደግሞ ስሙ እምብዛም የማይሰማ፣ ቢሰማም በኀፍረት የሚታለፍ አንድ ዓይነት አለ። እርሱም በሴቶች የመራቢያ አካል ላይ የሚነሣው ሜላኖማ ነው።

በሽታው ከስንት አንዴ የሚያጋጥም ነው። ታዲያ ጥቂቶችን ብቻ ስለሚያጠቃ ሕመም ማወቅ ለአርሶ አደሩና ለከተማው ነዋሪ ምን ይጠቅማል? ጥቅሙ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ይህ ካንሰር በባሕርይው ብርቱ በመሆኑ የሚያዋጣው ገና ሳይሰፋ ሲገኝ ብቻ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ እርሱን በጊዜ ለማግኘት የሚያስፈልገው እርምጃ በሀገራችን ሺዎችን የሚገድለውን የማኅጸን በር ካንሰርንም ለማግኘት የሚረዳ መሆኑ ነው። ሁለቱንም የሚያዘገያቸው አንድ ነገር ነው፤ ስለ ሴት ልጅ ብልት ጤና አለመነጋገር።

ሜላኖማ ምንድን ነው?

የሰው ልጅ ቆዳ ቀለሙን የሚያገኘው ሜላኒን ከተባለ ንጥረ ነገር ነው። ይህን ቀለም የሚያመርቱት ሜላኖሳይት የተባሉ ሕዋሳት ናቸው። ጥቁርም ሆነ ነጭ ሰው የእነዚህ ሕዋሳት ቁጥሩ ተቀራራቢ ነው፤ የቆዳ ቀለም ልዩነት የሚመጣው ሕዋሳቱ ከሚያመርቱት የሜላኒን መጠንና ዓይነት ነው። በተለምዶ «ማርያም የሳመችው» የምንለው ጥቁር ነጥብም በአብዛኛው የእነዚሁ ሕዋሳት ክምችት ሲሆን ጉዳት የለውም።

ሜላኖማ የሚባለው እነዚህ ቀለም አምራች ሕዋሳት ሥርዓታቸውን ስተው ያለ ልክ መባዛት ሲጀምሩ የሚፈጠረው ካንሰር ነው። ቀለም አምራች ሕዋሳት የሚገኙት በውጭ ቆዳ ላይ ብቻ አይደለም። በዓይን ውስጥ፣ በአፍና በአፍንጫ ውስጥ፣ በፊንጢጣ አካባቢ፣ እንዲሁም በሴት ብልት ውጫዊ ክፍል ይገኛሉ፤ በአንዳንድ ሴቶች ደግሞ በወሊድ መተላለፊያው ግድግዳ ላይም አሉ። ስለዚህ ሜላኖማ ከእነዚህ ስፍራዎች ሁሉ ሊነሣ ይችላል።

ምን ያህል ያጋጥማል?

እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ዙሪያ 325 ሺህ ገደማ ሰዎች በቆዳ ሜላኖማ መያዛቸው፣ 57 ሺህ ገደማ የሚሆኑትም በዚሁ ሳቢያ መሞታቸው ተገምቷል። ከሰውነት ውስጠኛ እርጥብ ሽፋን የሚነሣው ሜላኖማ ግን ከጠቅላላው እጅግ ጥቂቱን ነው የሚይዘው። በአሜሪካ ከ84 ሺህ በላይ የሜላኖማ ታማሚዎችን መረጃ የመረመረ አንድ ታዋቂ ጥናት፣ ከ100 ታማሚዎች መካከል ካንሰሩ ከዚህ ሽፋን የተነሣባቸው ከአንድ እምብዛም እንደማይበልጡ አሳይቷል። ከእነዚህም ውስጥ በሴቶች የመራቢያ አካል ላይ የተገኘው 18 በመቶ ያህሉ ነበር።

በመራቢያ አካል ከሚነሡት ሜላኖማዎች አብዛኞቹ የሚታዩት በብልት ውጫዊ ክፍል፣ በተለይም በብልት ከንፈሮች ላይ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው በወሊድ መተላለፊያ ውስጥ የሚነሣው ሲሆን፣ እርሱም ብዙውን ጊዜ የሚበቅለው በታችኛው ክፍል የፊት ግድግዳ ላይ ነው። በማኅጸን በር ላይ መነሣቱ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ እምብዛም ነው። በወሊድ መተላለፊያ የሚነሣው ሜላኖማ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ሴቶች መካከል አንዷን እንኳ አያደርስም።

ዕድሜን በተመለከተ፣ በሽታው በወጣቶችም ላይ የታየ ቢሆንም፣ በአብዛኛው የሚያጋጥመው የወር አበባቸው የተቋረጠ፣ ስድሳ ዓመት አካባቢና ከዚያ በላይ የሆናቸው ሴቶችን ነው። በገጠሩ ይህ ነጥብ ትልቅ ትርጉም አለው። ሴት ልጅ ወደ ጤና ተቋም የምትመላለሰው በአብዛኛው ስታረግዝ፣ ስትወልድና ልጅ ስታስከትብ ነው። ልጆቿ አድገው፣ የወር አበባዋም ካቆመ በኋላ ስለ ማኅጸኗ ብላ የጤና ተቋም ደጃፍ የምትረግጥበት ምክንያት ያለ አይመስላትም። በሽታው የሚመጣው ደግሞ በዚሁ ዕድሜ ላይ ነው።

ፀሐይ ካልሆነ ምን ያመጣዋል?

የቆዳ ሜላኖማ በተለይ በነጮች ላይ ከፀሐይ ጨረር ጋር የተያያዘ መሆኑ የታወቀ ነው። በመራቢያ አካል ላይ የሚነሣው ግን ፀሐይ በማይደርስበት ስፍራ የሚበቅል በመሆኑ በጨረር ሊብራራ አይችልም። በሕዋሳቱ የዘር መረጃ ላይ የሚታዩት ለውጦችም ከቆዳው ሜላኖማ ይለያሉ። በቆዳው ላይ ደጋግሞ የሚገኘው ብራፍ በተባለው ጂን ላይ የሚደርስ ለውጥ እዚህ አነስ ብሎ ይታያል፤ በአንጻሩ ኪት በተባለው ጂን ላይ የሚደርሰው ለውጥ በዚህኛው በርከት ይላል። ይህ ልዩነት የመድኃኒት ምርጫን ስለሚወስን ለሐኪሞች ጠቃሚ ነው።

የማኅጸን በር ካንሰርን የሚያመጣው በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፈው ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ነው። ሜላኖማ ግን የዚህ ቫይረስ ውጤት አይደለም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ስለዚህ በዚህ በሽታ የተያዘችን ሴት በባሕርይዋ መጠርጠር፣ ባሏንም ማማት፣ ከማዕድ ማራቅም ሆነ ልብሷን መጸየፍ ፈጽሞ መሠረት የለውም። በሽታው የኃጢአት ቅጣት ወይም የሰው ዓይን ያመጣው ሳይሆን የሕዋሳት መዛባት ነው።

ጥቁር ቆዳ ዋስትና ይሆናልን?

«ሜላኖማ የነጮች በሽታ ነው» የሚለው አባባል በከፊል እውነት ነው። ሜላኒን ፀሐይን ስለሚከላከል ጥቁር ሕዝቦች ከፀሐይ በሚመጣው ሜላኖማ የሚያዙት እጅግ ባነሰ መጠን ነው። በአሜሪካ በተደረገ ንጽጽር በቆዳ ሜላኖማ የሚያዙት ነጮች ከጥቁሮች ከአሥር እጥፍ በላይ ናቸው። ወደ ብልት ውጫዊ ክፍል ሲመጣ ግን ልዩነቱ ወደ ሦስት እጥፍ ገደማ ይወርዳል። በወሊድ መተላለፊያ ውስጥ በሚነሣው ላይ ደግሞ ጥቁርና ነጭ ሴቶች እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ፀሐይ በሌለበት ስፍራ የቆዳ ቀለም ጋሻነቱ ያበቃል።

ለዚህ እውነታ በኢትዮጵያውያን ዘንድ በእጅጉ የሚታወቅ ምሳሌ አለ። የሬጌው ሙዚቀኛ ቦብ ማርሌይ እ.ኤ.አ. በ1977 በእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ያለው ቁስል ሜላኖማ እንደሆነ ተነገረው። በቀጣዩ ዓመት ኢትዮጵያን ጎብኝቷል። ካንሰሩ ወደ ሌላው የሰውነት ክፍሉ ተሠራጭቶ እ.ኤ.አ. ግንቦት 1981 በ36 ዓመቱ ሕይወቱ አለፈ። ቦብ ማርሌይን የገደለው በመዳፍ፣ በውስጥ እግርና በጥፍር ሥር የሚነሣው የሜላኖማ ዓይነት ሲሆን፣ በአፍሪካውያን ላይ በብዛት የሚታየውም ይኸው ነው። በባዶ እግሩ ወይም በኮንጎ ጫማ ማሳ ውስጥ የሚውል ሰው በውስጥ እግሩ ላይ የማይድን ጥቁር ቁስል ካየ «እሾህ ወግቶኝ ነው» ብሎ ሊያልፈው አይገባም።

ምልክቶቹ

በመራቢያ አካል ላይ የሚነሣ ሜላኖማ ከሚያሳያቸው ምልክቶች ዋነኞቹ የሚከተሉት ናቸው። ከወር አበባ ጊዜ ውጪ የሚመጣ ደም፣ በተለይም የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ተመልሶ የታየ ደም፤ ከግንኙነት በኋላ መድማት፤ ያልተለመደ ወይም ደም የቀላቀለ ፈሳሽ፤ የማይተው ማሳከክ ወይም ሕመም፤ በእጅ የሚዳሰስ እብጠት፤ የማይድን ቁስል፤ በብሽሽት ላይ የወጣና የማይጠፋ ንፍፊት፤ እንዲሁም አዲስ የወጣ ወይም መልኩን የለወጠ ጥቁር፣ ቡናማ ወይም ሰማያዊ ነጥብ።

ሐኪሞች አጠራጣሪን ነጥብ ለመለየት አምስት ነገሮችን ያያሉ። የነጥቡ ግማሽ ከሌላው ግማሽ ጋር አይመሳሰልም፤ ጠርዙ የተቆራረጠ ይሆናል፤ ቀለሙ አንድ ወጥ አይደለም፤ ስፋቱ ከ6 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ከአንድ አነስተኛ የሽምብራ ፍሬ ይበልጣል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከጊዜ ወደ ጊዜ ይለወጣል። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ሜላኖማ ጥቁር ነው ማለት አይደለም። ቀለም የማያመርት፣ ቀላ ያለ ሥጋ መስሎ የሚታይ ዓይነትም አለ። እንዲህ ያለው በቀላሉ ከኪንታሮት ወይም ከተራ ቁስል ጋር ይምታታል።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊደነግጥ አይገባም። በብልት አካባቢ ከሚታዩ ጥቁር ነጥቦች እጅግ የሚበዙት ካንሰር አይደሉም። በእርግዝና ጊዜ ቆዳ መጥቆሩ የተለመደ ነው፤ የቆየ ቁስል ጠባሳም ይጠቁራል፤ ሜላኖሲስ የሚባል ጉዳት የሌለው ጥቁር ምልክትም ያጋጥማል። ደም መታየቱም በአብዛኛው ከሌላ ምክንያት የሚመጣ ነው። ልዩነቱን ግን በቤት ውስጥ በዓይን አይቶ መወሰን አይቻልም፤ የሚለየው በምርመራ ነው።

ከላይ የሚታየውና ከሥር ያለው

የማሽላ አምራች የሆነ የአካባቢያችን አርሶ አደር አቀንጭራን ያውቀዋል። አቀንጭራ ከመሬት በላይ ብቅ ከማለቱ በፊት በማሽላው ሥር ላይ ተጣብቆ ምግቡን ይመጥጣል። ሐምራዊ አበባው በሚታይበት ጊዜ ጉዳቱ በአብዛኛው ደርሷል። ሜላኖማም ከላይ ከሚታየው ስፋቱ ይልቅ ወደ ውስጥ የዘለቀው ጥልቀቱ ነው አደገኛ የሚያደርገው።

በቆዳና በብልት ውጫዊ ክፍል ላይ የሚገኝ ሜላኖማ በናሙና ሲመረመር ጥልቀቱ በሚሊ ሜትር ይለካል። የአንድ የሰሊጥ ፍሬ ውፍረት ወደ 1 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ካንሰሩ ከዚህ ሳይዘልቅ ከተገኘ በቀዶ ጥገና ነቅሎ የማውጣት ተስፋው ከፍተኛ ነው። ከዚያ በላይ እየጠለቀ በሄደ ቁጥር ግን በብሽሽት ወዳሉት ንፍፊቶች፣ ከዚያም ወደ ሳንባ፣ ጉበትና አንጎል የመድረስ ዕድሉ ይጨምራል። ገና ሳይሠራጭ በተገኘ የቆዳ ሜላኖማ ከተያዙት፣ የተሟላ ሕክምና ባለባቸው ሀገራት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ። በወሊድ መተላለፊያ ውስጥ በሚነሣው ግን አምስት ዓመት የሚሻገሩት ከአራት ሴቶች አንዷ ገደማ ወይም ከዚያም ያነሱ ናቸው። ከምክንያቶቹ አንዱ ስፍራው የተሰወረ በመሆኑ በሽታው ዘግይቶ መታወቁ ነው።

ምርመራውና ሕክምናው

ሜላኖማን በእርግጠኝነት የሚለየው ባዮፕሲ ነው። ባለሙያ ከተጠረጠረው ስፍራ ትንሽ ናሙና ይወስዳል፤ የፓቶሎጂ ሐኪም ደግሞ ናሙናውን በማይክሮስኮፕ ያየዋል። ከዚህ በፊት ነጥቡን በምላጭ መቁረጥ፣ በእሳት ወይም በአሲድ ማቃጠል፣ ምንነቱ ያልታወቀ ቅጠል መለጠፍ አደገኛ ነው። ላይኛውን አጥፍቶ ሥሩን ስለሚያስቀር ሐኪሙ ጥልቀቱን የሚለካበትን ማስረጃ ያሳጣል፤ ቁስሉንም ለሌላ ኢንፌክሽን ያጋልጣል። ጸሎትም ሆነ ጸበል ከምርመራ አይከለክልም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ይቻላል።

የሕክምናው መሠረት ቀዶ ጥገና ነው። ካንሰሩ በዙሪያው ካለው ጤነኛ ሥጋ የተወሰነ ኅዳግ ጋር ይወጣል። እንደ አስፈላጊነቱ የብሽሽት ንፍፊት ይመረመራል፤ የጨረር ሕክምናም ሊታከል ይችላል። ካለፉት ዐሥራ አምስት ዓመታት ወዲህ ደግሞ የሰውነት መከላከያ ካንሰሩን እንዲዋጋ የሚያነቃቁ፣ ኢሚውኖቴራፒ የተባሉ መድኃኒቶች መጥተዋል። ለዚህ ሕክምና በር የከፈቱት አሜሪካዊው ጀምስ አሊሰንና ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ እ.ኤ.አ. በ2018 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ይሁንና የመድኃኒቶቹ ዋጋ ለብዙ ቤተሰብ የሚቀመስ አይደለም፤ ከመራቢያ አካል በሚነሣው ሜላኖማ ላይ የሚሰጡት ውጤትም ከቆዳው ያነሰ ነው።

በሀገራችን ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና የሚገኘው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በጅማ መጀመሩን ተከትሎ አገልግሎቱ ወደ ክልሎች እየተስፋፋ ነው። ለገንዳ ውሃና ለአካባቢዋ ነዋሪ የሪፈር መዳረሻው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬኼንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። በነጋዴ ባሕርና በአይከል በኩል እስከ ጎንደር ያለው መንገድ ከ150 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ይህን ርቀት በሕመም ላይ ሆኖ መጓዝ ቀላል አይደለም፤ ትንሽ ነጥብ ይዞ መሄድና የተሠራጨ በሽታ ይዞ መሄድ ግን ፈጽሞ አይወዳደሩም።

ለሺዎች የሚተርፈው ምርመራ

ብርቅ የሆነውን ካንሰር ወደ ብዙዎቹ ጉዳይ የሚያገናኘው የማኅጸን በር ቅድመ ምርመራ ነው። በኢትዮጵያ በሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚከሠተው የማኅጸን በር ካንሰር ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በተሠራ ግምት በሀገሪቱ በዓመት ከ7 ሺህ በላይ ሴቶች ይያዙበታል፤ ከ5 ሺህ በላይ የሚሆኑትም ይሞቱበታል። ይህ ካንሰር ግን መከላከያ አለው። ለልጃገረዶች የሚሰጠው ክትባት በሀገራችን በ2011 ዓ.ም የተጀመረ ሲሆን፣ በመጀመሪያ 14 ዓመት የሞላቸውን ያቀፈ ነበር፤ በኅዳር 2017 ዓ.ም ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጃገረዶች በዘመቻ ተሰጥቷል። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶችም የቅድመ ካንሰር ምርመራ እንዲያደርጉ ይመከራል፤ ኤች አይ ቪ በደማቸው የሚገኝ ሴቶች ምርመራውን የሚጀምሩት ከዚያ ቀደም ብለው ነው።

ክትባቱ ሜላኖማን አይከላከልም፤ ቅድመ ምርመራውም ለሜላኖማ ተብሎ የተዘጋጀ አይደለም። ነገር ግን ባለሙያዋ የማኅጸን በርን ለማየት ስትል የብልቱን ውጫዊ ክፍልና የወሊድ መተላለፊያውን ማለፍ አለባት። በዚያው አጋጣሚ ያልተለመደ ነጥብ፣ ቁስል ወይም እብጠት ካለ ልታየው ትችላለች። ለዓመታት ማንም ያላየው ስፍራ በሠለጠነ ዓይን የሚታይበት ቀን ያ ነው።

ከ49 ዓመት በላይ የሆኑት እናቶች ግን ከዚህ ጥሪ ውጪ ናቸው። ለእነርሱ ጥሪው ምልክቱ ራሱ ነው። የወር አበባ ከቆመ በኋላ የታየ ደም፣ አንድ ጠብታም ቢሆን፣ «የእርጅና ነው» ተብሎ የሚተው አይደለም። ልጆች እናታቸውን ስለ ጉልበቷና ስለ ዓይኗ እንደሚጠይቁት ሁሉ፣ ሴት ልጅ «እማዬ፣ ደም አይተሽ ታውቂያለሽ ወይ?» ብላ ብትጠይቅ ነውር የለበትም። ለወንድ ባለሙያ መታየት የምትቸገር እናት ሴት ባለሙያ መጠየቅ፣ ዘመዷንም አብራ ማስገባት ትችላለች። የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም የመጀመሪያዋ ምሥጢር ተካፋይ ልትሆን ትችላለች።

የቤተሰብ ኀላፊ የሆኑ ወንዶችም ድርሻ አላቸው። የትራንስፖርቱን ገንዘብ የሚያወጣው፣ ጊዜውን የሚወስነው በአብዛኛው ወንዱ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል የሆነ ቤተሰብ መታወቂያውን ማሳደስ፣ ወደ ጎንደር ሲሄድም የሪፈር ወረቀቱን መያዝ ይኖርበታል።

በዚህ አካባቢ ብዙ ነገር «ሰሊጡ ይግባና» እየተባለ ይቀጠራል። ለጋብቻም፣ ለቤት ሥራም፣ ለዕዳም እንዲህ ይባላል። የሰሊጥ ገበሬ ግን አንድ ነገር ከማንም በላይ ያውቃል፤ ሰሊጥ ቀኑን ጠብቆ ካልታጨደ ከረጢቱ ተከፍቶ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል፤ የረገፈም አይለቀምም። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ቁስል፣ መልኩን የለወጠ ነጥብ ወይም ያለ ጊዜው የመጣ ደም ያየች ሴት የምትሄድበት ጊዜ ከአጨዳው በኋላ ሳይሆን ባየችበት ሳምንት ነው።